«ስትወለድ ወንድ የተባለች»፤ ስለ ሦስት ሥዕላዊ ትረካዎችና ስለ ጾታ አመልካቾች አተረጓጐም

አንድ ቃል ከውጭ ቋንቋ ወደ አማርኛ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ የሚመረመረው በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ነው፤ አቻው ይፈለጋል፣ ፍቺው ይጻፋል፣ ምሳሌ ይሰጠዋል። የቃሉ እውነተኛ ፈተና ግን የሚመጣው በሰው አፍ ሲነገር ነው። ስለዚህ ሰው ከሰው ጋር የሚነጋገርበትን ጽሑፍ ሳይመለከት ስያሜ የሚያወጣ ባለሙያ የሥራውን ግማሽ አላየም ለማለት ይቻላል። ይህ ጽሑፍ ይህንኑ ለማመልከት፣ ሲወለዱ የተነገረላቸው ጾታ የራሳቸው እንዳልሆነ የሚናገሩ ሰዎችን ሕይወት የሚተርኩ ሦስት ሥዕላዊ ትረካዎችን ይመለከታል። ሦስቱም በበይነ መረብ ላይ በእንግሊዝኛ የወጡ ናቸው፤ ከመካከላቸው አንዱን ደራሲዋ በፈረንሳይኛም አቅርባዋለች።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዋሽንግተን ዲሲ ከተማ በ2004 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የመሥሪያ ቤቶቿ ሰነዶች ከሚተረጐሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በሐኪም ቤት ወይም በትምህርት ቤት ቅጽ ላይ ይህን ጉዳይ የሚነካ ጥያቄ ሲገኝ፣ ተርጓሚው በግል የሚያምንበት ምንም ይሁን ምን፣ አንድ ቃል መጻፉ ግድ ነው።

ሥዕላዊ ትረካ ለተርጓሚ ፋታ የማይሰጥ ጽሑፍ ነው። ንግግሩ ከተናጋሪው አፍ አጠገብ በተሣለ ጠባብ ክብ ውስጥ ይጻፋል፤ ረጅም ማብራሪያ አይገባበትም፤ ሥዕሉም አይለወጥም። በክፈፍ ተከፋፍሎ የሚቀርብ ታሪክ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተከታታይ ክፈፎች የሚያሳዩትን ባህላዊ ሥዕሎች አንባቢ ያስታውሳል። ልዩነቱ በእነዚያ ሥዕሎች ግርጌ የሚናገረው ተራኪው ሲሆን፣ በዘመናዊው ሥዕላዊ ትረካ ግን ባለታሪኮቹ ራሳቸው እርስ በርሳቸው መነጋገራቸው ነው። እርስ በርስ መነጋገር ደግሞ በአማርኛ «አንተ» ወይም «አንቺ» ማለትን ያስከትላል። የችግሩም ሥር ከዚህ ላይ ነው።

ከቀላሉ እንጀምር። አሜሪካዊቷ ካርቱኒስት ጁልያ ኬይ «አፕ ኤንድ አውት» በተባለው ሥራዋ እንደ ሴት መኖር የጀመረችበትን ጊዜ በዕለት ማስታወሻ መልክ፣ በሦስት በሦስት ክፈፍ ሥላለች፤ ሥራዋም በ2018 «ሱፐር ሌት ብሉመር» በሚል ርእስ በመጽሐፍ ወጥቷል። የኬይ ብርታት በቍጥብነቷ ነው፤ ከቃሉ ይልቅ ዝምታው ይናገራል። የሥራው ድምፅ በአብዛኛው የአንደኛ መደብ ድምፅ ነው። አማርኛ ደግሞ በአንደኛ መደብ ጾታን አይለይም። «ተነሣሁ»፣ «ፈራሁ»፣ «ደክሞኛል»፣ «ብቻዬን ነኝ» የሚለው ሰው ወንድ ይሁን ሴት ከግሱ አይታወቅም። በፈረንሳይኛ ቅጽሉ፣ በዕብራይስጥም የአሁን ጊዜ ግሱ የተናጋሪውን ጾታ ያወጣዋል፤ ይህን ልዩነት በእስራኤል የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች በሚገባ ያውቁታል። ስለዚህ የኬይን ሥራ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው የሚያጣው ነገር የለም፤ እንዲያውም የሚያተርፈው አለ። ተራኪዋ ለራሷ ስትናገር ቋንቋው ጾታዋን አይጠይቃትም፤ ጾታ የሚመጣው ሌላው ሰው አፉን ሲከፍትና «ወንድሜ» ወይም «እኅቴ» ሲላት ብቻ ነው። ሥራው ሊያሳይ የሚፈልገው ርቀት፣ ማለትም ሰው በውስጡ የሚያውቀው ማንነትና ከውጭ የሚሰማው ጥሪ መራራቃቸው፣ በአማርኛው ሰዋስው ውስጥ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

ሁለተኛው መደብ እንዲህ አይምርም። የኩቤኳ ካርቱኒስት ሶፊ ላቤል ከ2014 ጀምሮ በእንግሊዝኛ «አሳይንድ ሜል»፣ በፈረንሳይኛ «አሲኜ ጋርሶን» በሚል ርእስ ያቀረበችው ሥራ ዋና ባለታሪክ ስቴፊ የተባለች የ11 ዓመት ልጅ ናት። ስቴፊ ስትወለድ ወንድ ተብላለች፤ እርሷ ግን ሴት መሆኗን ትናገራለች፤ ከጓደኞቿ፣ ከመምህራንና ከዘመድ ጋር ሙግት ትገጥማለች። ላቤል ስለታም ቀልደኛ ናት። አንዳንድ ጊዜ ግን ክቡ በማብራሪያ ይጨናነቅና ልጂቱ ቀርታ አስተማሪ ስትናገር እንሰማለን፤ እነዚህ የሥራው ደካማ ገጾች ናቸው። ሥራው ያስነሣው ተቃውሞም ቀላል አልነበረም፤ በ2017 በካናዳ በሃሊፋክስ ከተማ ሊደረግ የታሰበው የመጽሐፏ ምረቃ በዛቻ ምክንያት ተሰርዟል።

በእንግሊዝኛው ስቴፊን የሚያነጋግራት ሰው ሁሉ በአንድ ዓይነት ቃል ይጠራታል፤ የተናጋሪው አስተያየት የሚገለጠው ስለ እርሷ በሦስተኛ መደብ ሲናገር ነው። በአማርኛ ግን ገና ሰላምታው ላይ «እንዴት ነህ» ወይም «እንዴት ነሽ» ማለት ያስፈልጋል። ስለዚህ ተርጓሚው እያንዳንዱ ተናጋሪ ልጂቱን ምን አድርጎ እንደሚያያት፣ ደራሲዋ ሳትናገር፣ እርሱ መወሰን ይኖርበታል። ሳያስብ ያስቀመጣት አንዲት «ህ» በታሪኩ ውስጥ ያለው ተሳዳቢ የሚሠራውን ሥራ ትሠራለች።

ችግሩ በዚህ አያበቃም። አማርኛ የጾታን አመልካች ለሌላም አገልግሎት ያውለዋል። እናት ወንድ ልጇን፣ ጓደኛም ጓደኛውን «አንቺ» ቢለው ማቆላመጥ ወይም ቀልድ ሊሆን ይችላል፤ ደፋር ሴት «እሷ እኮ ወንድ ናት» ስትባል መመስገኗ ነው። እንግዲህ በላቤል ክፈፍ ውስጥ አንዱ ጓደኛ ስቴፊን «አንተ» ቢላት፣ አማርኛ አንባቢ ስድብነቱን ላይረዳውና ፈገግ ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ተርጓሚው እዚህ ላይ በአመልካቹ ብቻ መተማመን የለበትም፤ የፊቱን ሥዕል አይቶ፣ «ልጄ» ወይም «አንተ ልጅ» እያለ፣ የንግግሩን ቃና ከአመልካቹ ጋር ማስማማት አለበት።

የሦስተኛው መደብ ምሳሌያችን የጆስሊን ሳማራ ዲዶመኒክ «ሬይን» ነው። ከ2010 እስከ 2022 የቀጠለው ይህ ረጅም ትረካ ያለፈ ታሪኳ ሳይታወቅባት በካቶሊክ ትምህርት ቤት ለመማር የምትሞክር ወጣት ይተርካል። ታሪኩ ማን ያውቃል፣ ማን አያውቅም በሚለው ላይ የቆመ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ተውላጠ ስሙን ጥቂት ጊዜ እየሸሸ ምስጢር ሊጠብቅ ይችላል፤ አማርኛ ተናጋሪ ግን «መጣ» ወይም «መጣች» ሳይል ስለ አንድ ሰው መምጣት መናገር ይከብደዋል። ከዚህ የባሰው በላቤል ሥራ ውስጥ የሚገኘው የሲዬል ጉዳይ ነው፤ ሲዬል ወንድም ሴትም ተብሎ መጠራትን የማይቀበል ገጸ ባሕርይ ነው። (ይህን ዐረፍተ ነገር ስጽፍ እንኳ «ነው» ከማለት አላመለጥሁም።) ሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላት በ2019 የእንግሊዝኛውን የብዙ ቍጥር ተውላጠ ስም ለእንዲህ ያለ ነጠላ ሰው ሲመዘግብ፣ የፈረንሳዩ ለ ሮቤር ደግሞ በ2021 «ዬል» የተባለውን አዲስ ተውላጠ ስም በበይነ መረብ እትሙ ላይ በማስገባቱ ብዙ ክርክር ተነሥቷል። በአማርኛ ጾታን የማይለየው «እርሳቸው» አክብሮትን ያመለክታል፤ በትምህርት ቤት ልጅ ላይ ሲውል ያስቃል። ስለዚህ ስሙን መደጋገምና «የሲዬል መምጣት» እንደሚለው ባለ የግስ ስም መጠቀም ይሻላል፤ ይህም ቢሆን ለጥቂት ክፈፍ እንጂ ለመጽሐፍ አይበቃም። አዲስ አመልካች መፍጠርን ግን አልመክርም። አካዳሚ ስም ሊያወጣ ይችላል፤ በግስ ላይ የሚቀጠል የመደብ አመልካች የሚያወጣው ግን ተናጋሪው ሕዝብ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ስያሜው እንመለስ። «ፍናፍንት» የአካልን ተፈጥሮ የሚመለከት ሌላ ጉዳይ ስለሆነ አቻ ሊሆን አይችልም። «ወንዳገረድ» የማላገጫ ቃል ነው። «ጾታ ለዋጭ» ድርጊትን ይናገራል፤ ስቴፊ ግን ለወጥሁ የምትለው ነገር የለም። «ጾታ ተሻጋሪ» የሚለው የውጭውን ቃል ክፍሎች አንድ በአንድ የተከተለ ነው፤ ነገር ግን «ተሻጋሪ» በሰዋስው መጻሕፍታችን የግስ ዓይነት ስያሜ ሆኖ ስለቆየ፣ የዚህ መጽሔት አንባቢ መጀመሪያ የሚታየው ሰው ሳይሆን ተሳቢ ይሆናል። ለጊዜው «ትራንስጀንደር» የሚለውን እንዳለ መዝግቦ ፍቺውን በብዙ ቍጥር፣ «ሲወለዱ የተባሉት ጾታ የራሳቸው እንዳልሆነ የሚናገሩ ሰዎች» ብሎ መስጠት ከሁሉም የተሻለ ይመስለኛል፤ ብዙ ቍጥሩ ጾታ ከመምረጥ ያድነናልና።

በልጆች አፍ ግን ይህ ሁሉ አይነገርም። መፍትሔውን የሚጠቁመን የላቤል ርእስ ነው። በፈረንሳይኛው ርእስ «የተመደበች» የሚለው ቃል በአንስታይ፣ «ወንድ ልጅ» የሚለው በተባዕታይ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ የአንስታዩም ምልክት በዓይን ይታያል እንጂ በጆሮ አይሰማም። እንግሊዝኛው ይህን ተቃርኖ ጨርሶ አላስቀረውም። አማርኛ ግን «ወንድ የተባለች» ሲል ተቃርኖውን በሁለት ቃል፣ ያውም በሚሰማ ድምፅ ይዞታል። ብቻውን ሲቆም ግን የጀግና ሴት ምስጋና ሊመስል ስለሚችል «ስትወለድ» የሚለው ይጨመርበት።

ይህን ሐረግ የምመርጠው ለውበቱ ብቻ አይደለም። «ማለት» የተባለው ግስ ቃሉን ለተናጋሪው ይመልሳል፤ ሰዎች ወንድ አሏት ይላል እንጂ ክርክሩን ራሱ አይፈርድም። ከስቴፊ ጋር የሚስማማም የማይስማማም አንባቢ ዐረፍተ ነገሩን እውነት ነው ብሎ ይቀበለዋል፤ ልጂቱም በግሱ መጨረሻ ላይ ራሷን ታገኛለች። ተርጓሚ ከዚህ የበለጠ ሊያደርግ አይችልም፤ ከዚህ ያነሰ ቢያደርግ ግን በጠባቡ ክብ ውስጥ ደራሲዋ ያልጻፈችውን ፍርድ ጻፈ ማለት ነው። የተለየ አስተያየት ያላቸው ባልደረቦች የሚሻል ቃል ቢያቀርቡ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ተፈጸመ።