ማስታወሻው ስለ «ኮልባክ» ያልነገረን

በኔትዎርክ ኮርሳችን የምንጠቀምበት የሲስኮ ራውተር ማስታወሻ ስለ ዳያል-አፕ «ኮልባክ» የጻፈውን ደጋግመን አነበብነው። አሠራሩን በግልጽ ያስረዳል፤ በስልክ መስመር የሚገባው ሰው ስሙንና የይለፍ ቃሉን ይሰጣል፣ ራውተሩ አረጋግጦ ይዘጋና ራሱ መልሶ ይደውላል። ተማሪዎቻችን «ሚስኮል ነዋ!» ብለው ሳቁ። ሚስኮል ግን አይነሳም፤ ይኼኛው ይነሳል፣ ስለዚህ የመጀመሪያዋ አጭር ጥሪ በደዋዩ ላይ ልትቆጥር ትችላለች።

ቅር ያሰኘን ሌላ ነው። ማስታወሻው ኮልባክን በደፈናው «ለደህንነት» ይለዋል። ደህንነት የሚሆነው እኮ የሚደወልበት ቁጥር አስቀድሞ ራውተሩ ላይ ሲመዘገብ ነው! በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው አርኤፍሲ 1570 እንኳ ሁለቱን መንገድ ለይቷቸዋል። የቁጥሩ ቦታ ባዶ ከተተወ ደዋዩ ራሱ ይሞላዋል፤ የይለፍ ቃል የሰረቀ ሰውም የገዛ ስልኩን ሰጥቶ ይገባል፣ ያውም በተቋሙ ሒሳብ። የማስታወሻው ምሳሌ ደግሞ ያንኑ ባዶ ቦታ ይዟል። በሚቀጥለው እትም ቁጥር ይጻፍበት።