የመሣሪያ እርጅና ተቀናሽና አነስተኛው ባለሙያ፤ በገቢ ግብር ሕጋችን ላይ የቀረበ ትችት

የገቢ ግብር ሕግ ለሒሳብ ሹሞችና ለጠበቆች ብቻ የተተወ ንባብ ሊሆን አይገባውም። መንግሥት ማንን እንደ አምራች፣ ማንን ደግሞ እንደ ገቢ ምንጭ ብቻ እንደሚመለከት ከዚህ ሕግ የበለጠ ገልጦ የሚያሳይ ጽሑፍ ጥቂት ነው። ስለዚህ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008ን፣ ማስፈጸሚያ ደንቡን ቁጥር 410/2009ንና ማሻሻያውን አዋጅ ቁጥር 1395/2017ን በአንድ ጥያቄ ብቻ እንመረምራለን። ጥያቄውም፦ አነስተኛ ባለሙያ ለሥራው ማሽን ሲገዛ ሕጉ ምን ይለዋል? የሚል ነው።

በመርሕ ረገድ መልሱ ክፉ አይደለም። ማሽን ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ስለ ሆነ ዋጋው በተገዛበት ዓመት በአንድ ጊዜ ከትርፍ ላይ አይነሣም፤ በየዓመቱ በእርጅና ተቀናሽ ስም ጥቂት በጥቂት ይነሣል እንጂ። ደንቡ በቀጥተኛው ዘዴ ለኮምፒዩተር 20 በመቶ፣ በስም ተለይቶ ላልተጠቀሰ ሌላ መሣሪያ 15 በመቶ ይፈቅዳል። ዋጋው እየቀነሰ በሚሄደው ዘዴ ደግሞ 25 እና 20 በመቶ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። እዚህ እንዳ ኢየሱስ አጠገብ የሚሠራ አንድ አናጺ የእንጨት መሰንጠቂያና መላጊያ ማሽን በ300,000 ብር ገዛ እንበል፤ ቁጥሩን ለስሌት እንዲመች መረጥነው። በቀጥተኛው ዘዴ በዓመት 45,000 ብር ይቀነስለታል። በከፍተኛው የ35 በመቶ መጣኔ የሚከፍል ቢሆን ከግብሩ የሚቀልለት 15,750 ብር ነው። ገንዘቡን በአንድ ቀን ቈጥሮ ያስረከበ ሰው ተቀናሹን አሟልቶ የሚያገኘው በሰባተኛው ዓመት ነው ማለት ነው። በዚህ መካከል የማሽኑ ቢላ ስንት ጊዜ እንደሚለወጥ አናጺው ያውቃል።

ገንዘብ ዋጋውን ጠብቆ በሚኖርበት አገር ይህ አሠራር ብዙ አያስነቅፍም። በእኛ ዘንድ ግን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው 1 ዶላር፣ በነሐሴ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ማሽኑ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ መዝገቡ ግን የሚያስታውሰው የቀድሞውን ብር ነው። አናጺው አሮጌውን ማሽን በአዲስ ለመተካት የሚያስፈልገው ገንዘብ እጥፍ ሲሆን፣ የሚቀነስለት ያው 45,000 ብር ይሆናል። በዚያ ላይ ለተጨማሪ እሴት ታክስ ያልተመዘገበ ከሆነ በግዢው ላይ የከፈለውን 15 በመቶ የሚያቻችልበት መንገድ የለውም።

እስካሁን የተናገርነው የሒሳብ መዝገብ ስለሚይዝ ሰው ነው። ሕጉ አነስተኛውን ነጋዴ የሚያይበት ዐይን ሌላ ነው። በ2008ቱ አዋጅ ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነው የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋይ በሠንጠረዥ በተቈረጠ ግምት ይከፍል ነበር። የ2017ቱ ማሻሻያ ደረጃ «ሐ»ን አስቀርቶ ሽያጫቸው እስከ 2,000,000 ብር የሚደርሰውን በአንድነት ሰበሰበና ከጠቅላላ ሽያጫቸው ከ2 እስከ 9 በመቶ እንዲከፍሉ ደነገገ። የዚህ አሠራር ደጋፊዎች፣ ቀላል ነው፤ ባለሙያውን ከመዝገብ ጣጣና ከገማች ጋራ ከመከራከር ያድነዋል ይላሉ። እውነት አላቸው። በየዓመቱ በሐምሌ ወር የሚሰማው የግምት ሮሮ ቀላል አልነበረም።

ይሁን እንጂ ሁለት አናጺዎችን ጎን ለጎን እናቁም። ሽያጫቸው እኩል ነው። አንደኛው በእጅ መጋዝና በእጅ መላጊያ ይሠራል፤ ሁለተኛው ተበድሮ ማሽን ተክሏል፤ ወለድ፣ መብራትና ጥገና ይከፍላል። በሽያጭ ላይ የተጣለ ግብር ሁለቱን አይለያቸውም። ትርፍ የሚባለው ነገር ከስሌቱ ስለ ወጣ፣ ከትርፍ ላይ የሚነሣው የመሣሪያ ተቀናሽም አብሮ ወጥቷል። አምራቹ እንዲያድግ በየስብሰባው ይሰበካል፤ ግብሩ ግን ያደገበትን መሣሪያ አያይለትም።

ባለሙያው ጥሮ ከ2,000,000 ብር በላይ ቢሸጥና ወደ ደረጃ «ሀ» ቢወጣስ? ያን ጊዜ የእርጅናው ተቀናሽ ይመጣለታል፤ ነገር ግን ያው ማሻሻያ አዋጅ ከሽያጩ 2.5 በመቶ የሚሆን ዝቅተኛ ግብር አብሮ ያመጣበታል። 3,000,000 ብር የሸጠ ሰው፣ ብዙ ማሽን በገዛበት ዓመት ትርፉ ወደ ምንም ቢጠጋ እንኳ 75,000 ብር ይጠበቅበታል። በአንድ እጅ የተሰጠው በሌላው ተወሰደ ለማለት ያስደፍራል።

ሌሎች አገሮች በዚህ ነገር ላይ ቀደም ብለው አስበውበታል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጣችው የአነስተኛ ንግድ ሕግ ከመሣሪያው ዋጋ 20 በመቶው በመጀመሪያው ዓመት ተጨማሪ ሆኖ እንዲቀነስ ፈቀደች፤ ከ1981 ወዲህ ደግሞ እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ ሙሉ ዋጋው እንዲቀነስ አደረገች። እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2008 በ50,000 ፓውንድ ጣሪያ የጀመረችውን ተመሳሳይ ተቀናሽ እስከ 1,000,000 ፓውንድ አድርሳዋለች። በዚህ መንግሥት የሚያጣው እንደሚመስለው ብዙ አይደለም። መጣኔው ካልተለወጠ፣ ዛሬ በአንድ ጊዜ የተቀነሰው ነገ አይቀነስምና፣ የሚዘገየው የግብሩ ጊዜ ነው።

ለትግራይ ይህ የንድፈ ሐሳብ ጥያቄ አይደለም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በቈየው ጦርነት ብዙ ወርክሾፖች ተዘርፈዋል፤ ወድመዋልም። ባለሙያው የጠፋበትን ማሽን ዋጋ እንዳያስረዳ ብዙ ጊዜ ደረሰኙም መዝገቡም ከማሽኑ ጋራ ጠፍተዋል። ስለዚህ የሚበጀው ያለፈውን መቍጠር ሳይሆን አዲስ የሚገዛውን ማገዝ ይመስለናል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 97 በግል ነጋዴዎች ላይ ግብር የመጣል ሥልጣን የክልል ስለ ሆነ፣ መፍትሔው ሁሉ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም። ክልሉ በራሱ ሕግ፣ በሽያጭ መጠን ለሚከፍለው ባለሙያ በዓመቱ ለገዛው የማምረቻ መሣሪያ ከግብሩ የተወሰነ ብር ቢያነሣለት ውስብስብ መዝገብ አያሻም፤ ደረሰኝና ማሽኑን በቦታው የሚያይ አንድ ሠራተኛ ይበቃሉ። የቤት ማቀዝቀዣና የግል መኪና በዚህ ስም እንዳይገቡ ጣሪያ ማበጀት አስፈላጊ ነው።

አንድ ነገር ይቀራል። ብዙው ባለሙያ የሚገዛው ያገለገለ ማሽን ነው፤ ሻጩም ብዙ ጊዜ ደረሰኝ የሌለው ሌላ ባለሙያ ነው። እንዲህ ያለው ግዢ በቀበሌ ወይም በውልና ማስረጃ በሚጻፍ ውል ተቀባይነት ካላገኘ፣ ተቀናሹ ቢፈቀድ እንኳ የሚደርሰው ከአስመጪ ሱቅ አዲስ ለመግዛት አቅም ላለው ብቻ ይሆናል።