ቁጥር ያለ ምክንያት፦ ስለ ሊኑክስ ዲስክ አከፋፈል የተጻፉ መመሪያዎች በማስተማሪያ ጽሑፍነታቸው ሲመዘኑ

የመመሪያ ጽሑፍ መምህሩ በሌለበት ቦታ የመምህሩን ሥራ እንዲሠራ የሚዘጋጅ ነው። ስለሆነም የሚመዘነው በያዘው የዕውቀት ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ተማሪው ብቻውን ሆኖ ሲያነበው ከስሕተት ሊጠብቀውና ለነገ ሥራው የሚሆን ማስተዋል ሊሰጠው በመቻሉ ጭምር ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፣ ሊኑክስ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም በኮምፒዩተር ላይ ለመጫን ሲፈለግ ዲስክ እንዴት እንደሚከፋፈል ተጠቃሚዎች ራሳቸው የጻፏቸውን መመሪያዎች ነው።

ፓርቲሽን ማለት በአንድ ዲስክ ላይ ድንበር ተበጅቶለት ራሱን እንደ ቻለ ዲስክ የሚያገለግል ክፍል ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በአንዱ፣ የተጠቃሚው ሰነዶች በሌላው፣ ራም ሲጠብ መጠባበቂያ የሚሆነው ስዋፕ ደግሞ በሦስተኛው ሊቀመጥ ይችላል። ይህ እርምጃ ከሌሎቹ የመጫን እርምጃዎች የሚለየው በአደገኛነቱ ነው። የቋንቋ ወይም የሰዓት ምርጫ ቢሳሳት በኋላ ይታረማል፤ የአንድ ትምህርት ቤት የውጤት መዝገብ የተቀመጠበት ክፍል ተሰርዞ አዲስ ነገር ከተጻፈበት ግን፣ ሌላ ቅጂ እስከሌለ ድረስ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

ሊኑስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑክስን ለሕዝብ ካቀረበ በኋላ፣ የማስተማሪያ ጽሑፍ እጥረቱን በአብዛኛው የሞሉት ተጠቃሚዎቹ ናቸው። በ1990ዎቹ የሊኑክስ ዶኩመንቴሽን ፕሮጀክት በሚል ስም የተሰባሰቡ በጎ ፈቃደኞች «ሃውቱ» የተባሉ መመሪያዎችን አዘጋጁ፤ ከእነዚህም አንዱ ስለ ፓርቲሽን ብቻ የተጻፈ ነበር። በ1993 የተመሠረተው ዴቢያን የራሱን የመጫኛ መመሪያ ሲያዘጋጅ፣ በ2002 የተጀመረው አርች ሊኑክስ ደግሞ ተጠቃሚዎች ሊያርሙት የሚችሉት ዊኪ አለው። የእነዚህ ጽሑፎች ብርታት ከምንጫቸው የሚመነጭ ነው። ጸሐፊው ሥራውን በእጁ የሠራ፣ የተሰናከለበትንም ቦታ የሚያውቅ ሰው ነው፤ አንባቢው የተሳሳተ ነገር ሲያገኝም አራሚ ይሆናል። ማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጅ ይህን ልማድ ሊቀናበት ይገባል።

ይሁን እንጂ ብዙዎቹ የሚጋሩት አንድ ጉድለት አለ፤ ይኸውም ቁጥሩን ከምክንያቱ ለይተው ማስተላለፋቸው ነው። በ1990ዎቹ ሊሎ የተባለው የሊኑክስ ማስነሻ ፕሮግራም ዲስኩን የሚያነበው በባዮስ አማካይነት ስለነበረና የዘመኑ ባዮስም ከ1024ኛው ሲሊንደር በላይ መድረስ ስለማይችል፣ ለማስነሻ የሚሆን ትንሽ ክፍል በዲስኩ መጀመሪያ ላይ እንዲበጅ መመሪያዎቹ ያዙ ነበር። ትእዛዙ በጊዜው ትክክል ነበር፤ ባዮሱና ማስነሻ ፕሮግራሞቹ ሲሻሻሉ ግን ምክንያቱ ቀረ። ምክንያቱ ያልተነገረው ተማሪ ትእዛዙ የሚሻርበትን ጊዜ ሊያውቅ አይችልም።

ስዋፕ የራምን እጥፍ ይሁን የሚለው ደንብም እንደዚሁ ነው። 8 ሜጋባይት ራም ለነበረው ኮምፒዩተር 16 ሜጋባይት መመደብ አስተዋይነት ነበር። ዛሬ 16 ጊጋባይት ራም ላለው ኮምፒዩተር ያንኑ ደንብ ይዞ 32 ጊጋባይት መመደብ አብዛኛውን ጊዜ ቦታ ማባከን ነው። የራሙን ይዘት ዲስክ ላይ አስቀምጦ ኮምፒዩተሩን ማጥፋት የሚፈልግ ሰው ግን ከራሙ መጠን ጋር የተቀራረበ ስዋፕ ያስፈልገዋል። ስለዚህ መልሱ የሚገኘው ከቁጥሩ ሳይሆን ከአገልግሎቱ ነው። ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ በተራ አጫጫን ለስዋፕ የተለየ ክፍል ከመመደብ ይልቅ ፋይል መጠቀም መጀመሩም፣ ደንብ የተባለው ነገር ምን ያህል ተለዋዋጭ እንደሆነ ያሳያል።

በዚህ ረገድ ሁለቱን መመሪያዎች ማነጻጸር ይጠቅማል። የአርች የመጫኛ መመሪያ አጭርና ጥንቁቅ ነው፤ ተማሪው በመጀመሪያ ዲስኮቹን ዘርዝሮ እንዲለይ ያደርገዋል፣ ከዚያም የክፍሎቹን መጠን በሠንጠረዥ ያሳየዋል። ሰፊው ማብራሪያ ግን በሌላ ገጽ ነው። ለማስነሻው ክፍል ቀድሞ 300 ሜጋባይት ግድም ይል የነበረው ሠንጠረዥ በኋላ ወደ 1 ጊጋባይት ከፍ ብሏል፤ ገጹ ሲታረም ግን ከእርሱ የተቀዳው ጽሑፍ አብሮ አይታረምም። የዴቢያን መመሪያ በአንጻሩ ነባር መረጃ አስቀድሞ እንዲቀዳ ከመጫኑ በፊት ባለው ምዕራፍ ያሳስባል፤ እያንዳንዱ ማውጫ ምን እንደሚይዝ ካስረዳ በኋላም ለጀማሪ አንድ ዋና ክፍልና ስዋፕ እንደሚበቁት ይመክራል። ምክንያትን ከምክር ጋር ማጣመሩ ያስመሰግነዋል። የሚነቀፈው ይህን ጠቃሚ ማብራሪያ ወደ መጽሐፉ መጨረሻ፣ ወደ አባሪ ገፍቶ ማስቀመጡ ነው፤ የሚጣደፍ ጀማሪ አባሪ ፈልጎ ማንበቡ ያጠራጥራልና።

ሁለተኛው የተለመደ ጉድለት የማስጠንቀቂያ ቦታ ነው። ኤፍዲስክ የተባለው መሣሪያ «ጻፍ» እስኪባል ድረስ ለውጡን በዲስኩ ላይ አያሰፍርም፤ ፓርትድ የተባለው ግን እያንዳንዱን ትእዛዝ ወዲያውኑ ይፈጽማል። በመጀመሪያው የለመደ ተማሪ ወደ ሁለተኛው ሲሸጋገር ይህን ልዩነት አስቀድሞ ካልሰማ፣ ልምምድ የመሰለው ነገር ድርጊት ሆኖ ያገኘዋል። ማስጠንቀቂያው ከትእዛዙ በኋላ ከተጻፈ የሚያገለግለው ለጸጸት ብቻ ነው።

ጉዳዩ እኛንም የሚመለከት ነው። የዴቢያን መጫኛ ፕሮግራም ከሚያቀርባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ነገር ግን የምናሌ ቃላት መተርጎማቸው ብቻ ተማሪው የሚያሰምረውን ድንበር ምክንያት አያስተምረውም። በአማርኛ መመሪያ የሚያዘጋጅ መምህር፣ ወይም ለትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ክፍል ዕቅድ የሚያወጣ ባለሙያ፣ ለሚጽፈው ለእያንዳንዱ ቁጥር ሦስት ነገሮችን ቢያሟላ መልካም ነው፤ እነርሱም ቁጥሩ የተመረጠበት ምክንያት፣ የማይሠራበት ሁኔታና የተጻፈበት ዓመት ናቸው። ስለ ሊሻር የማይችል ድርጊት የሚሰጠው ማስጠንቀቂያም ከድርጊቱ አስቀድሞ ይጻፍ። በዚህ መንገድ የተዘጋጀ መመሪያ ቁጥሮቹ ባረጁ ጊዜ እንኳ ማስተማሩን አያቋርጥም፤ ተማሪው ምክንያቱን ይዞ አዲሱን ቁጥር ራሱ ሊደርስበት ይችላልና።