«አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት ነውን?

በሜክሲኮ ደቡብ ያለው የኦዋሃካ ክፍለ ሀገር በቆሎ ከጥንት ጀምሮ ሲዘራበት የኖረ ምድር ነው። በዚያ አብዛኛው ባላገር ዘሩን የሚመርጠው ከራሱ መከር ስለ ሆነ፥ አንድ ጊዜ ሳይታወቅ የተቀላቀለ ነገር ከዓመት ወደ ዓመት አብሮ ይዘራል። መንግሥቱ በ1998 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ልውጠ ሕያው በቆሎ እንዳይዘራ አግዶ ነበር። ይሁን እንጂ በ2001 ኲስትና ቻፔላ የተባሉ ተመራማሪዎች በኦዋሃካ በቆሎ ውስጥ የልውጠ ሕያው ምልክት ማግኘታቸውን «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ገለጹ። ብርቱ ክርክር ተነሣ፤ መጽሔቱም በ2002 ማስረጃው ጽሑፉን ለማሳተም የሚበቃ እንዳልነበረ አስታወቀ።

በ2005 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች በ2003 እና በ2004 ከ125 ማሳዎችና ከ870 እናት ተክሎች የተሰበሰቡ 153,746 ፍሬዎችን መርምረው ምንም እንዳላገኙ ጻፉ። እዚህ የምንተቸው ይህን የኋለኛውን ሥራ ነው።

ድካማቸውን እናመሰግናለን። ነገር ግን የፍሬው ብዛት አንባቢን እንዳያሳስት እንሠጋለን። ከ1000 ፍሬ አንዱ ብቻ ልውጥ ቢሆን፥ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ቢያንስ አንዱን ለማግኘት 3000 ያህል ፍሬ መመርመር ያስፈልጋል። ይህም ስሌት የሚሠራው እያንዳንዱ ፍሬ ለብቻው በዕጣ የተወሰደ እንደ ሆነ ነው። ከአንድ ራስ በቆሎ የተፈለፈሉ ፍሬዎች ግን የአንዲት እናት ልጆች ናቸው። ስለ እናቶቹ የጠየቅን እንደ ሆነ ናሙናው 870 ብቻ ነው፤ በዚህም ልክ ከ1000 ተክሎች ሦስቱ ልውጥ ቢሆኑ እንኳ ሳይታዩ ማለፍ ይችላሉ። በእርግጥ የአበባውን ብናኝ ነፋስ ከልዩ ልዩ ተክል ስለሚያመጣው ፍሬዎቹ ፈጽሞ አንድ አይደሉም። ስለዚህ ትክክለኛው ቁጥር በ870 እና በ153,746 መካከል ነው ማለት ይቻላል፤ ይህም ልዩነት ቀላል አይደለም።

ከዚህም በላይ ልውጡ ዘር ጨው በወጥ ውስጥ እንደሚሟሟ በአገሩ ሁሉ እኩል አይበተንም። ዘሩን ከውጭ ባመጣው ገበሬ ማሳ ላይ በዝቶ፥ የጎረቤቱ ማሳ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ከአንድ ማሳ ብዙ ፍሬ ከመውሰድ ከብዙ ማሳ ጥቂት መውሰድ ይሻላል። በ2009 የታተመ ሌላ ጥናት በ2001 እና በ2004 ከኦዋሃካ በተሰበሰቡ ናሙናዎች ውስጥ ልውጡን አገኘሁ አለ፤ በእርሱም ላይ ተቃውሞ ቀረበ።

እኛ በዚህ ክርክር ዳኛ ልንሆን አንሻም። ነገር ግን የእኛም ገበሬ ብዙውን ጊዜ ዘሩን ከጎተራው የሚያወጣ ስለ ሆነ ነገሩ ይመለከተናል። ናሙና መርምሮ «አልተገኘም» ብሎ የሚፈርም ሁሉ ከስንት ማሳና ከስንት እናት ተክል እንደ ወሰደ፥ ደግሞም «ይህን ያህል ቢኖር ኖሮ አገኘው ነበር» የሚለውን ጨምሮ ይጻፍ። ይህ የሌለበት ወረቀት ለገበሬው ዋስ ሊሆነው አይችልም።