ማስነሳቱማ ማንን ያቅታል?

«ካሪየር ዴክ» የተባለው የኮምፒዩተር ጌም እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ ለተጫዋቹ የአብራሪ መቀመጫ አላዘጋጀለትም። የሰጠው ሥራ «ዩኤስኤስ ሮናልድ ሬገን» በተባለችው የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ወለል ላይ ትራፊክ መምራት ነው፤ አውሮፕላኑን በአሳንሰር ከሃንጋር ማውጣት፣ ነዳጅ መሙላት፣ ማስታጠቅ፣ ወደ ግዳጅ መላክ፣ ሲመለስም ተቀብሎ ማሳረፍ። ሰዓቱ ይሮጣል፣ ጠላት ይቀርባል፣ ትእዛዙ ይደራረባል። ከጎን ሆኖ የሚያይ ሰው ዓይኑ የሚሳበው ወደሚነሱት ጄቶች ነው። ጨዋታውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ግን ተጫዋቹን የሚመዝነው በሚመለሱት ነው።

ያልተነሳ አውሮፕላን መጠበቅ ይችላል፤ ነዳጁን ጨርሶ የመጣ አይችልም።

መርከቧ 333 ሜትር ያህል ትረዝማለች፤ አራት ማስወንጨፊያና አራት አሳንሰር አላት። ሲቆጠር የተትረፈረፈ ይመስላል። ነገር ግን ከማስወንጨፊያዎቹ ሁለቱ ከፊት አፍንጫዋ ላይ ሲሆኑ፣ የቀሩት ሁለቱ የሚገኙት ሰያፍ በተዘረጋው የማረፊያ መስመር ላይ ነው። አውሮፕላን በሚያርፍበት ሰዓት እነዚህ ሥራ ያቆማሉ። ጀማሪው አራቱንም ባንዴ ይይዛል፤ የመጀመሪያው ቡድን ሲመለስ መስመሩ ላይ ቦምብ ታጥቆ የቆመ ጄት ይጠብቀዋል። አዋቂው የሰዓቱን ስሌት አስቀድሞ ይሠራል። መመለሻው ሲቃረብ መስመሩን አጽድቶ፣ የሚያስነሳው ካለም በፊቶቹ ሁለት ብቻ ያስነሳል።

መስመሩ ደግሞ እስከ ጫፉ ነው መጽዳት ያለበት። በእውነተኛዋ መርከብ አውሮፕላኑ የሚቆመው ጅራቱ ሥር ያለው መንጠቆ ከሦስት የብረት ገመዶች አንዱን ሲይዝ ነው። አብራሪው ጎማው ወለሉን እንደነካ ሞተሩን አይቀንስም፤ እንዲያውም ሙሉ ኃይል ይሰጠዋል፤ መንጠቆው ገመዶቹን ከሳተ ወዲያው ተነስቶ፣ ዞሮ መምጣት አለበትና። ከገመዶቹ ወዲያ ያለውን ቦታ እንደ ትርፍ ቆጥሮ አውሮፕላን የሚያቆምበት ተጫዋች፣ ጌሙ ባይቀጣው እንኳ ሥራው ጥሩ አይባልም።

ቀጥሎ የሚታየው የማስታጠቅ ቅደም ተከተል ነው። የዚህን ዋጋ ለማወቅ የሚድዌይን ውጊያ ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1942 ማለዳ፣ የጃፓኑ አድሚራል ቹይቺ ናጉሞ መርከቦችን ለመምታት በተጠባባቂነት ከያዟቸው አውሮፕላኖች ላይ ቶርፒዶው ወርዶ የምድር ዒላማ መምቻ ቦምብ እንዲጫን አዘዙ፤ የሚድዌይን ደሴት ዳግመኛ ለመደብደብ ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዳለፈ የአሜሪካ መርከቦች መታየታቸው ተሰማ፤ ትእዛዙም ተገለበጠ። በዚህ መሃል ሚድዌይን ደብድበው የተመለሱት ማረፍ ነበረባቸው። ማረፊያውም መነሻውም አንድ ወለል ስለሆነ የመልስ ጥቃቱ ዘገየ። ረፋዱ ላይ የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች ደረሱ፤ «አካጊ»፣ «ካጋ» እና «ሶርዩ» በደቂቃዎች ውስጥ በእሳት ተያያዙ። አራተኛዋ «ሂርዩ» በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ተመታች።

ጥሩ ተጫዋች ማስጠንቀቂያ በጮኸ ቁጥር ትጥቅ አያስፈታም። ለአየር መከላከያ የመደባቸውን ጥንድ ጄቶች ለሌላ ግዳጅ አይነካቸውም። የሚቀይረው ካለም ገና ሃንጋር ውስጥ ያለውን ነው እንጂ ወረፋ የያዘውን አይደለም።

የብዙ ተጫዋቾች ድክመት የሚጋለጠው ግን በስንቅና ትጥቅ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ሌላ ጌም፣ «ካሪየር ኮማንድ 2»፣ ይህን የጨዋታው እምብርት አድርጎታል፤ ነዳጁም ጥይቱም ከደሴት መጋዘን ተጭኖ በጭነት ጀልባ ይመጣል፣ ጀልባውም ጊዜ ይፈልጋል። መጋዘኑ ሲራቆት የሚያዝ ተጫዋች፣ አውሮፕላኖቹን በባዶ እጃቸው አሰልፎ ባሕሩን ሲመለከት ይውላል። ገና ግማሹ ሳለ የሚያዝ፣ ጀልባው በሚያልፍበት መንገድ ላይም ጠላትን አስቀድሞ የሚያጸዳ፣ እሱ ሥራውን ያውቃል።

በእውነቱም ዓለም ቢሆን ጉዳዩ ከዚህ አይቀልም። «ሬገን» በኒውክሌር ኃይል ስለምትሄድ ለራሷ ነዳጅ አትቀዳም፤ ጄቶቿ ግን ይጠጣሉ። ስለዚህ የስንቅ መርከብ ጎኗ ተጠግታ በቱቦ ነዳጅ፣ በገመድ ጭነት ታቀብላታለች፤ ሁለቱም አቅጣጫና ፍጥነታቸውን ሳያዛንፉ መጓዝ አለባቸው። ሄሊኮፕተሮችም ዕቃ ከሥራቸው አንጠልጥለው ይመላለሳሉ። ለብዙ ዓመታት ፖስታ፣ መለዋወጫና ሰው ሲያመላልስ የኖረው ባለ ሁለት ሞተሩ «ሲ-2 ግሬይሃውንድ» ደግሞ እንደ ተዋጊ ጄት በመንጠቆ ያርፋል፣ በማስወንጨፊያ ይነሳል። ስንቅ የሚያመጣውም አውሮፕላን የማረፊያ ተራ ይወስዳል ማለት ነው። ጥሩ ተጫዋች ይህን ተራ በሁለት የግዳጅ ዙሮች መካከል ባለው ክፍተት ያስገባዋል፤ ደካማው የተራቡ ጄቶች አናቱ ላይ እየዞሩ ያስገባዋል።

የመጨረሻው መለኪያ አቋቋም ነው። በአሜሪካ መርከቦች የወለሉን ትራፊክ የሚመሩት ሰዎች ለረጅም ዘመን የተጠቀሙበት ጠረጴዛ አለ። ላዩ የመርከቡ ወለል ንድፍ ነው፤ በላዩም የአውሮፕላን ቅርጽ ያላቸውን ቁራጮች ያንቀሳቅሳሉ፣ ጥገና ወይም ነዳጅ የሚፈልገውንም ዳዶና ስፒል በመሳሰለ ምልክት ይለዩታል። የጠረጴዛው ጥቅም ማን የት እንዳለ ከማሳየት ያልፋል፤ ማን ማንን እንደሚያግድ ያሳያል። በ«ካሪየር ዴክ»ም አሳንሰር ፊት የቆመ የተበላሸ አውሮፕላን ከአንድ የከሸፈ ግዳጅ ይበልጥ ያስወቅሳል፤ አንዱ አሳንሰር ሲዘጋ ከሃንጋሩ ጋር የሚያገናኝ አንድ በር ተዘጋ ማለት ነውና።

እንግዲህ የሌላውን ጨዋታ ለመገምገም የፈለገ ሰው ነጥቡን ለጊዜው ይተወው። ሁለተኛው ዙር ሊመለስ ሲል ጨዋታውን አስቁሞ ወለሉን ይመልከት። የማረፊያው መስመር እስከ ጫፉ ባዶ ከሆነ፣ የመከላከያው ጥንድ ሳይነካ ከቆመ፣ አሳንሰሮቹ ካልታገዱና የሚቀጥለው ስንቅ ታዝዞ መንገድ ላይ ከሆነ፣ ያ ተጫዋች ጎበዝ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ግን ያስነሳው ብዛት አያድነውም።