የወደቀ ዛፍና የተማረከ ሰው

በቆቦ ሜዳ ማሽላው ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ በሚደገሰው ሠርግ፣ ወጣቶች እየተነሡ ሲፎክሩ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ፉከራ ልብን ያነቃል፤ የአባቶችንም ሥራ ያሳስባልና አልጠላውም። ነገር ግን አንድ ጉድለት አገኝበታለሁ። ይኸውም ጀግናው ጠላቱን እንዴት እንደ ጣለ ይነግረናል እንጂ፣ እጁን የሰጠውን ሰው ከዚያ ወዲያ ምን እንዳደረገው አይነግረንም። ተረታችንም «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ይላል፤ ምሳር የያዘውን ግን አይወቅሰውም። እኔ እንደሚመስለኝ የአንድ ሠራዊት እውነተኛ ፈተና የሚጀምረው ፉከራው ከሚያበቃበት ሰዓት ላይ ነው።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ የኢጣልያ ወታደሮች ተማረኩ። ብዙዎቹ እስከ አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ቀለብ ተሰጣቸው፤ ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. ሰላም ከተፈረመ በኋላም ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ኢጣልያም ለቀለባቸው 10 ሚሊዮን ሊሬ ከፈለች። በዚህ ሥራ እንኮራለን፤ ይገባናልም። ነገር ግን በዚያው ጦርነት ከኢጣልያ ጎን ተሰልፈው ከተማረኩት አስካሪዎች ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩት ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። ባዕዱ «ምርኮኛ» ሲባል፣ የአገሩ ሰው «ከዳተኛ» ተባለ። አንባቢዬ ሆይ፣ ቅጣቱን ያመጣው ይህ የስም ልዩነት መሆኑን አስተውል።

ኢጣልያም በተራዋ ይህንኑ አደረገች። አርበኞቻችንን «ሽፍታ» ስለ አለቻቸው፣ ደጃዝማች ወንድወሰን ካሣ በ1929 ዓ.ም. ለራያ ጎረቤት በሆነው በላስታ በኩል ተይዘው ተገደሉ፤ ራስ ደስታ ዳምጠውም በዚያው ዓመት ተማርከው ተረሸኑ። ከራያ በስተሰሜን በአምባ አላጌ የኢጣልያው የአኦስታ መስፍን በ1933 ዓ.ም. እጁን በሰጠ ጊዜ ግን እንግሊዞች በወታደር ክብር ተቀበሉት። እርሱ «ምርኮኛ» የሚለውን ስም አላጣም ነበርና።

ይህ የቆየ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍሁት ነበር። በ2013 ዓ.ም. ጳጉሜን 4 ቀን የትግራይ ኃይሎች በቆቦ ከተማ ያልታጠቁ ሰዎችን መግደላቸውን ሂዩማን ራይትስ ዎች ዘግቧል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ በምዕራብ ዓባያ በሚገኝ የእስር ሰፈር የነበሩ የትግራይ ተወላጅ ወታደሮች በጠባቂዎቻቸው እጅ መገደላቸው ተዘግቧል። በዚያው ዓመት በግንቦት የትግራይ ባለ ሥልጣኖች ከ4 ሺህ የሚበልጡ ምርኮኞችን መልቀቃቸውን አስታወቁ። እንግዲህ በአንዱ ጦርነት ውስጥ ሁለቱም መንገድ ይቻል ነበር። አንዱ ወገን የራሱን ሙት ብቻ እየቈጠረ የሌላውን የሚረሳ ከሆነ፣ ታሪክ መናገሩ ቀርቶ መፎከር ይሆናል።

በ1941 ዓ.ም. የወጣው፣ ኢትዮጵያም በ1962 ዓ.ም. ያጸደቀችው የጄኔቫ ስምምነት ምርኮኛ ስሙን፣ ማዕረጉን፣ የተወለደበትን ቀንና የወታደር ቍጥሩን ብቻ እንዲናገር ያስገድደዋል። ማራኪው ደግሞ እንዲመዘግበው፣ ከስድብና ከሕዝብ መዘባበቻነት እንዲጠብቀው፣ ሰፈር በደረሰ በአንድ ሳምንት ውስጥም ለቤተ ሰቡ ደብዳቤ እንዲጽፍ እንዲፈቅድለት ያዝዘዋል። ይህ ተራ የጽሕፈት ቤት ሥራ ሊመስልህ ይችላል፤ ነገር ግን ስሙ ተጽፎ እናቱ ያለበትን ያወቀችውን ሰው በጨለማ ማጥፋት ይከብዳል። የአንድ አገር ልጆች እርስ በርሳቸው ሲዋጉ ግን ከዚህ ስምምነት የሚሠራው ሦስተኛው አንቀጽ ነው፤ እርሱም መግደልን፣ ማሠቃየትንና ማዋረድን ይከለክላል እንጂ ስለ መዝገብ አይናገርም። ሕጉ በጠበበበት ስፍራ ሕሊና መስፋት አለበት።

ወጣት ወንድሜና እኅቴ ሆይ፣ የራያ ሰው ይህን ትምህርት ከሩቅ አገር መዋስ አያስፈልገውም። ደም የተቃቡትን የሚያስታርቁ የዘወልድ ሽማግሌዎች አሉትና፣ በቀል ማብቂያ ሊኖረው እንደሚገባ ከአባቶቹ ሰምቷል። ስለዚህ ወደ ፊት ፉከራ ስትሰሙ አጨብጭቡ፤ ነገር ግን ፎካሪው ሲቀመጥ ቀረብ ብላችሁ «እጁን የሰጠህስ ሰው የት ደረሰ? ስሙስ ማን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ያለው እርሱ በእውነት ጀግና ነው።