የሆፍማን አዳራሽ፤ ሥራውና አፈራረሱ

በኒው ዮርክ ከተማ፣ በፓርክ ጎዳና ቁጥር 430 ባለው ረጅም ሕንጻ ግርጌ፣ እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ አውቶሞቢል ሲታይበትና ሲሸጥበት የኖረው አዳራሽ፣ ስመ ጥሩው ሐናጺ ፍራንክ ሎይድ ራይት በዚያች ከተማ ካከናወናቸው እጅግ ጥቂት ሥራዎች አንዱ ነበረ። ያሠራውም በኦስትሪያ ተወልዶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አሜሪካ የገባው ማክስ ሆፍማን ነው፤ ጃጓርን፣ ፖርሼንና መርሴዲስን ለአሜሪካ ባለጸጎች ያስለመደ ነጋዴ ሲሆን፣ ለራይት ከከፈለው የድካም ዋጋ ከፊሉ በመርሴዲስ መኪና እንደ ነበረ ይነገራል።

ራይት የተሰጠው ሌሎች ባነጹት ሕንጻ ውስጥ ያለ ጠባብ ምድር ቤት ስለ ነበር፣ ከውጭ የሚታይ ግርማ ሊያወጣለት አልቻለም፤ ስለዚህ ኀይሉን ሁሉ ወደ ውስጥ መልሶ፣ በመካከል የሚሽከረከር ክብ ወለል አኖረና በዙሪያው ጠመዝማዛ መወጣጫ አስኬደ። ዕቃው ቆሞ ገዢው የሚዞርበትን የገበያ ልማድ ገልብጦ፣ ሰው ቆሞ መኪናው በፊቱ ዑደት እንዲያደርግ አሰናዳ፤ በጎዳናው የሚያልፈውም በመስተዋቱ በኩል አንዱን መኪና ከወለሉ፣ ሌላውን ከመወጣጫው ላይ ባንድ ጊዜ ይመለከት ነበር። ብዙ ተቺዎች ይህን ራይት ራሱ በጠመዝማዛ መወጣጫ ለነደፈውና በ1959 ለተከፈተው የጉገንሃይም ሙዚየም እንደ መለማመጃ ይቈጥሩታል፤ እኔ ግን አልስማማም። ጠመዝማዛውን ራይት አስቀድሞ በ1948 በሳን ፍራንሲስኮው የሞሪስ ሱቅ ሞክሮታልና፤ ደግሞም በሙዚየሙ የሚወርደው ተመልካቹ ሲሆን፣ እዚህ መወጣጫውን የያዘው ንዋዩ ራሱ ነው። ይህ የሐሳብ ልዩነት እንጂ የመጠን ልዩነት አይደለም።

በ1957 አዳራሹ ወደ መርሴዲስ ቤንዝ እጅ ገባ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያም የራይት ደቀ መዛሙርት አደሱት። ኩባንያው ከዚያ ሲለቅ የቀረው ባዶ ኪራይ ቤት ነበረ፤ ለሽያጭ የተሠራ ጥበብ ሻጩ ከሄደ በኋላ ጠበቃ አያገኝምና።

የከተማይቱ የቅርስ ሕግ በ1965 ወጥቶ፣ በ1973 የሕንጻን ውስጥ ጭምር እንዲጠብቅ ተሻሽሎ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት የሞላውና ለሕዝብ ክፍት የሆነ አዳራሽ ሊመዘገብ ይችላል። ይህ አዳራሽ ዕድሜውን ከሞላ ብዙ ዘመን ቢያልፍም ሳይመዘገብ ቆየ። በመጋቢት 2013 የቅርስ ኮሚሽኑ ሊመዘግበው እንደሚያስብ ለባለንብረቶቹ አስታወቀ፤ እነርሱም በጥቂት ቀናት ውስጥ የማፍረሻ ፈቃድ አውጥተው መወጣጫውን አፈረሱት። ባለንብረቶቹን መውቀስ ቀላል ነው፤ ሆኖም ፈቃዱን ያገኙት በሕግ ነው፣ ሐሳቡን የነገራቸውም ጠባቂው ራሱ ነው። እንደ እኔ አስተያየት ኮሚሽኑ ጉዳዩን በይፋ በአጀንዳው ካስያዘ በኋላ ደብዳቤውን ቢልክ ኖሮ፣ የማፍረሻ ማመልከቻው አስቀድሞ በእርሱ እጅ ማለፍ ግድ ይሆንበት ነበር።